በሦስት እስክሪብቶ የተሞላ ፋይል

— ሄሎ… አቤት፣ መምህር ዓባይነህ ነኝ፣ የኮሌጁ የጥራት ኃላፊ። ማን ልበል?… ሸምሲያ? የብየዳዋ ሸምሲያ? እንዴት ነሽ ልጄ? አባትሽ ጋሽ በከርስ? የጠመንጃ ያዥ ሰፈር የብረት በር ሁሉ የሳቸው የእጅ ሥራ ነው እኮ…

— ትሰሚኛለሽ? ጫጫታ አለ። የጥራት ሰርተፍኬታችን ዛሬ ይሰቀላል። ልደታ ውስጥ… ምን ልደታ፣ አፍሪካ ውስጥ እንደኔ ማኑዋል የጻፈ የለም። አራት መቶ ገጽ። ኦዲተሯ ክላሰሩን በሁለት እጇ ነው ያነሳችው… ከክብደቱ? እሱም አለበት።

— የሲኦሲን የብቃት ምዘና ተመዘንሽ? እና?… «ገና አልበቃችም»?… ማነው መዛኙ? እኔን የማያውቅ ነው።

— ሙፊዳ፣ የሰርተፍኬቱን ፍሬም ቀስ አድርጊ፣ መስታወት ነው… አንቺን አይደለም ሸምሲያ፣ ጸሐፊዋን ነው። ቀጥይ።

— «ኤሌክትሮድ የያዝኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው» አልሽው?… አዎ፣ የብየዳ ማሽኑ ከጥር ጀምሮ እንደተቃጠለ ነው። ሃያ ስድስት ሠልጣኝ፣ አንድ ማሽን፣ እሱም የተቃጠለ። አውቃለሁ።

— እሱስ ምን አለሽ?… ኮሌጁ የላከውን ፋይል አሳየሽ?… «አርባ ጊዜ ተለማምዳለች፣ በቅታለች»… ፊርማው የኔ ነው።

— ልንገርሽ፣ አትቆጪ። የሃያ ስድስታችሁንም አርባ አርባ ልምምድ በአንድ ከሰዓት ነው የሞላሁት። ሦስት እስክሪብቶ እያቀያየርኩ፤ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አንዷ ቀለሟ ሊያልቅ የደረሰ። አንዳንዱ ወረቀት ላይ ግራሶ ቀባሁበት፣ ወርክሾፕ የዋለ እንዲመስል። ኦዲተሯ «እንዲህ ያለ መረጃ አይቼ አላውቅም» አለች። እኔም አይቼ አላውቅም…

— አልሳቅሽም።

— አንቺ ምን ሞላሁ አልሽ?… ቅጽ አሥራ አራት? የአቤቱታውን? እኔ እኮ ነኝ ያወጣሁት። እስከ ዛሬ አንድ ሰው አልሞላውም። ኦዲተሯ ባዶ መሆኑን አይታ «ቅሬታ የለባችሁም» ብላ አመስግናናለች… አዎ፣ በአምስት ቀን መልስ ይሰጣል ይላል። አጣሪው የጥራት ኃላፊው ነው ይላል… እኔው ነኝ። ራሴን እንዳጣራ ነው የጻፍኩት።

— እና ምን ብዬ ልመልስልሽ?… «አላሠለጠንናትም»?… ሸምሲያ፣ ይህ ከተጻፈ ሰርተፍኬቱ ይወርዳል። እኔም አብሬው ነው የምወርደው። ሌላ መላ እንፈልግ፣ መዛኙን እኔ ላነጋግርልሽ… ሄሎ?… አለሽ?

— አባትሽ?… ማሽኑ ተቃጥሎ ነው ብለሽ ነግረሻቸው አላመኑሽም?… «መምህርሽ አርባ ጊዜ ብሎ ፈርሟል፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው» አሉሽ… የቤቱንም የብየዳ ማሽን እንዳትነኪ አሉሽ?… በኔ ፊርማ?

— አለሁ። አለሁ፣ አልዘጋሁም።

— ሙፊዳ፣ አትስቀይው። ዲኑ አቶ ሸዋንግዛው ከጠየቁ ዓባይነህ ነው ያስቆመኝ በያቸው… መሬት ላይ አስደግፊው። ፊቱን ወደ ግድግዳ።

— ሸምሲያ፣ «አላሠለጠንናትም» ብዬ እጽፋለሁ… ዛሬ፣ አምስት ቀን አልጠብቅም። ለጋሽ በከርም ኮፒውን ራሴ አመጣለሁ… በየትኛው እስክሪብቶ?… ይገባኛል። በአንዱ።

— እሺ ልጄ፣ በቃ… አይ፣ በቃ ያልኩት ስልኩን ነው። አንቺማ ገና ነሽ… እኔም ገና ነኝ። ቻው።