ከአንድ እናት ሁለት ዘር

በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ላይ አስተርጓሚ ነበርሁ። አንድ ቀን የሰው ዘር አጠናለሁ የሚል ጣልያን ሐኪም መጣና ገበያው ዳር ድንኳን ተከለ። ገበያተኛውን እያስጠራ ጭንቅላቱንና አፍንጫውን በብረት ይለካል፤ ዘርህ ይህ ነው ብሎ በደብተር ይጽፋል። ቁይ ከሚባል አገር ስንዴ ሊሸጡ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ገቡ። ታላቅየው ቀይ ነው፤ ታናሽየው ጥቁር፣ አፍንጫውም ሰፋ ያለ። ሐኪሙ ለክቶ ሲያበቃ አንዱን ከአንድ ዘር፣ ሌላውን ከሌላ ዘር መደባቸው። «ጌታዬ፣ እነዚህኮ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው» አልሁት። ሳቀብኝ። «ልኬት አይዋሽም። እናታቸው ታናሽየውን ከሌላ ሰው ወልዳዋለች። ንገራቸውና የሚሉትን ልስማ» አለኝ።

ይህን በጎጃም ሰው ፊት ማን ደፍሮ ይናገራል? ታላቅየው ዱላውን ተደግፎ አፌን ያያል። በሩ ላይ ደግሞ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል። እንዳለው ብናገር ዱላው ሐኪሙ ላይ፣ ጥይቱ ወንድማማቾቹ ላይ ማረፉ ነው። «እናታችሁ ደህና ናት ወይ? ይላችኋል» አልኋቸው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። «እግዜር ይስጥልን፣ ደህና ናት በልልን» አለ ታናሽየው። ሐኪሙ ብዕሩን እንደያዘ «ምን አሉ?» አለኝ። «እውነት ነው ብለዋል» አልሁት። ወዲያው ጻፈው።

ወንድማማቾቹ «ደግ ፈረንጅ ነው» እየተባባሉ ወጡ። ከሞት አተረፍኋቸው እያልሁ ልቤን አጽናናለሁ። ግን አይቻት የማላውቃትን ሴት ስም አጥፍቼ፣ ልጆቿን ሁለት ዘር ያደረግሁ እኔው ነኝ።