ለመምህርት ኤርሲሊያ ያልተደወለው ደወል

የተከበራችሁ ያገሬ ሰዎች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ከሮም ድረስ ለመምህርት ኤርሲሊያ ቀብር የመጣችሁ ጓዶች፣ ትንሽ ስሙኝ። እኔ ፊሎሜና ነኝ፣ ወይን ቆራጯ። ንግግር አላውቅም። ካቦ ፓንታሌዮ እዛ በሩ ላይ ዱላውን ይዞ ማን እንደመጣ እያየ ነው። ነገ ማለዳ አደባባይ ላይ በዛ ዱላ ሠራተኛ ሲመርጥ እኔን ያልፈኛል። የታለፈች ሴት ቤት ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ልናገር፣ ዝም ማለት እንቢ አለኝ።

ደወሉ የታለ? እስቲ ንገሩኝ፣ ደወሉ የታለ? እኚህ እናት ለምርጫ ሲወዳደሩ፣ የሚናገሩበት ሰገነት የሚያውሳቸው ጠፍቶ የአህያ ጋሪ ላይ ወጥተው ሲናገሩ፣ ቄሱ ዶን ኦሮንዞ ድምፃቸውን ሊያፍን ደወሉን ሲያስደበድብ አልዋለም? ነበራችሁ እኮ። እሳቸው ምን አደረጉ? ከቦርሳቸው ዳቦና ሽንኩርት አወጡ፣ ጋሪው ላይ ቁጭ ብለው በሉ። «ደዋዩም ሰው ነው፣ ክንዱ ሲዝል እንቀጥላለን» አሉ። ዛለ። ቀጠሉ። ምክር ቤት ገቡ። ያኔ አላስወራ ያለ ደወል ዛሬ ምላሱን ማን ቆረጠው? «ለኮሚኒስት አይደወልም» አሉን። የባለርስቱ አማት ሲሞቱ ግን ጆሯችንን ሲያደነቁረው ነው የዋለው።

እኔ ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ወይን ቆረጣ ወረድኩ። ደንቡን ታውቁታላችሁ፣ እየዘፈንን ነው የምንቆርጠው፣ ፓንታሌዮ ነው የሚያዘን፣ ዘፈን የያዘ አፍ ወይን አይቀምስማ። ዝም ያለች ሌባ ናት። መምህርት በዛ በጥቁር ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ መጡ።

«ፊሎሜና፣ ውጪ፣ ትምህርት ተጀምሯል።»

«ሲኞራ መምህር» አለ ፓንታሌዮ፣ «ፊደልዎ እራት ይሆናታል?»

«ያንተ ወይንስ ይሆናታል? እንዳትቀምሰው አይደል የምታዘፍናት?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲስቁ ዘፈኑ ቆመ። «ዝፈኑ» አለ። ማንም አልዘፈነም። «ሌቦች» አለ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አፏን ከፍታ አሳየችው። ባዶ። ከዛ ሁሉም እየከፈቱ አሳዩት። መምህርት እጄን ይዘው ወጡ።

በዛ ምክንያት «ሕፃን አሳደሙ» ተብለው በረዶ ወዳለበት ተራራ ትምህርት ቤት ተጣሉ። እዛ ነው ፖለቲካ የገቡት፣ ገፍተው ነው ያስገቧቸው። የገፏቸው ሰዎች ዛሬ አበባ ይዘው ፊት ቆመዋል። «ልጃችን ነበሩ» ይላሉ። የማን ልጅ? ክቡር ከንቲባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማን ልጅ?

ምክር ቤት ተነስተው ስለዚህ ዘፈን ሲናገሩ ጌቶቹ ሳቁባቸው አሉ። «ዘፈን ምን ክፋት አለው፣ መምህር?» አላቸው አንዱ። «ምንም። እስቲ እርስዎ ምሳዎን እየዘፈኑ ይብሉ» አሉት። ይህን የሚከለክል ሕግ ግን አልወጣም። በዛ በሚያፈስ ባቡር ሮም ሲመላለሱ ደረታቸው አለቀ፣ እኛም ይኸው እስካሁን እንዘፍናለን። ትላንትና ራሱ፣ እሳቸው ተገንዘው ቤት ተኝተው፣ እኛ እዛ ታች ስንዘፍን ዋልን። አያንገበግብም?

እናቶቼ፣ እኅቶቼ፣ ነገ ዝም እንበል። ፓንታሌዮ አንዷን ሊያልፍ ይችላል። ሁላችንን ካለፈ ግን ወይኑን ማን ይቆርጥለታል? ዶን ኦሮንዞ? አትሳቁ፣ የምሬን ነው። እፈራለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ አልችልም። ከጎኔ ቁሙልኝ።

መምህር፣ ደህና ይሁኑ። አፈሩን ያቅልልልዎ። ደወል ነፍገውዎታል። ነገ ካቦው «ዝፈኑ» ሲል ያ ሁሉ የወይን ማሳ ጭጭ ይላል፣ ዶን ኦሮንዞም ከቤቱ ሆኖ ዝምታውን ይሰማዋል። ደወልዎ እሱ ነው።