ብር በከበረ ጊዜ

በመቱ ከተማና በዙሪያዋ ለምትኖሩ ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፤ የቡና ነጋዴው አቶ ወልደ ማርያም በስድሳ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ካልሲ አጥልቀዋል። ግራው ቡናማ፣ ቀኙ ጥቁር መሆኑ የነገሩን ታላቅነት አይቀንሰውም።

ካልሲው ያለ ምክንያት አልተገዛም። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት ላይ፣ የኢትዮጵያ ብር ከአሜሪካ ዶላር አንጻር መክበሩን ሬድዮ ተናገረ። የመቱ ነጋዴዎች በግ አርደው ተደሰቱ። ብዙም ሳይቆይ የቡና ዋጋ ወረደ። ሁለቱን ነገር ምን እንዳዛመደው የመረመረ አልነበረም፤ ተሰብስበው የደረሱበት ምክር ግን «ብር ከከበረ መንግሥት በልጽጓል፤ የበለጸገ ደግሞ ቀረጥ ይምራል» የሚል ሆነ። አዲስ አበባ ወርደው ደጅ እንዲጠኑ አቶ ወልደ ማርያም ተመረጡ፤ ካልሲውም ለዚሁ ተገዛ። እሳቸውም ለባላገሩ ሁሉ ቀረጡ እስኪነሳ ቡናውን እንዳይሸጥ ቃል ላኩ።

በመሄጃቸው ዕለት አውቶቡስ ሲጠብቁ ዝናብ መጣና አንዲት ወጣት እሳቸው ካሉበት ቆርቆሮ ሥር ተጠለለች። የኖፓው ቡና ገበሬ የባጫ ልጅ፣ አስተማሪዋ ጃለኔ ነበረች። የቤተሰቡን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቋት፤ እናቷ ሻሽቱ ላይ ሲደርሱ አንገቷን ደፋች።

«ሐኪሙ ጅማ ውሰዷት ብሎናል። ቡናው ተሽጦ ልንወስዳት ነበር። አባቴ ግን ጋሼ ወልደ ማርያም ሽጥ ሳይሉኝ አንዲት ፍሬ አልነካም አለ።»

አቶ ወልደ ማርያም ጥቂት ቢታገሡ እጥፍ እንደሚያገኙ ነገሯት።

«በምን አወቁ፣ ጋሼ?»

«ብራችን ከበረ አይደል? የከበረ ይለግሳል። ዱሮም ያለ ነው።»

ጃለኔ ድምፅዋን ሳታነሣ አስረዳቻቸው። ፈረንጁ ቡናውን የሚገዛው በዶላር ነው፤ ዱሮ ሁለት ብር ተኩል የሚመነዘረው ዶላር ዛሬ ሁለት ብር ከጥቂት ሳንቲም ሆኗል። ቡናውን ወደ ውጭ የሚልከው የአዲስ አበባ ነጋዴ የጎደለበትን ከመቱ ነጋዴ ላይ ይቀንሳል፤ የመቱ ነጋዴ ደግሞ ከባጫ ላይ።

«ባጫስ ከማን ላይ ይቀንስ?» አለች።

አቶ ወልደ ማርያም የዛሬ ተማሪ የገዛ አገሩ ገንዘብ መክበሩ ያሳፍረዋል ብለው ወቀሷት።

«ከውጭ አቡጀዲ ለሚያስመጣው እሰየው ነው። እኛ ግን ሻጮች ነን።»

«እኮ! ስለዚህ አይደል ቀረጡን ማሩን የምንለው?»

«መንግሥትም የሚያልበው ይህንኑ ቡና ነው፣ ጋሼ። የላሚቱ ወተት ሲጎድል ለጥጃዋ የሚተውላት ይጨምራል?»

ከተማረ ሰው ጋር የመከራከር ክፋቱ ይህ ነው። በመጽሐፍ ሲመጣ አልገባኝም ብሎ መገላገል ይቻላል፤ በላም ሲመጣ፣ ያውም ላም እያለበ ላደገ ሰው፣ ማምለጫ የለውም። አቶ ወልደ ማርያም «የቀረጡ ምሕረት ቢመጣስ?» አሉ፤ አሁን እንደ መለመን ነበር።

«ይምጣ፤ ደስ ይለናል። እናቴ ግን እስኪመጣ አትቆይም።»

ቀጥላም የሚበጀውን ነገረቻቸው። ያለው ቡና ዝናቡ ሳይጠናበት ዛሬ ይሸጥ። ለከርሞ ቀዩ ብቻ ይለቀም፤ መሬት ላይ መስጣቱ ቀርቶ በቆጥ ላይ ይድረቅ፤ ገበሬዎቹም ተባብረው ቡናቸውን በአንድ መኪና ይጫኑ። ምንዛሪ የወሰደውን ከቡናው ጥራት መልሶ ማግኘት ይቻላል፤ ለዚህ ደግሞ የማንንም ደጅ መጥናት አያሻም። አቶ ወልደ ማርያም እውነቷን መሆኑን ያውቃሉ፤ «አፈር አፈር ይላል» እያሉ የባጫን ዋጋ ሲሰብሩ የኖሩት እሳቸው ነበሩና።

«እናትሽ ትናገራለች?»

«ጠዋት ጠዋት ብቻ።»

አውቶቡሱ መጣ። ሊሸኙ የተሰበሰቡት ነጋዴዎች በር ከፈቱላቸው። አቶ ወልደ ማርያም ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከልጅቱ ጋር ወደ ኖፓ መንገድ ወጡ። የነጋዴዎቹ ሰብሳቢ፣ ደርበው የሚባለው፣ ጭቃውን እየረገጠ ተከተላቸው።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ባጫ ቤት፤ ቡናህን ሽጥ ልለው።»

«ደጅ ጥናቱስ?»

«ቀርቷል። ባላገሩም እናንተም ቡናችሁን ሽጡ።»

«አሁን በግ ያረድንበትን ነገር ምን አገኘው? ለሰዉስ ምን ልበል?»

«ሽጡ በላቸው፤ ምክንያቱን ግን አልናገርም» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።