በሞተሩ ክዳን ውስጥ የተጻፈው

የምስክር ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ጋሼ ጥምጥም» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሞተር መጠምጠም
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ሦስተኛው በር፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ መዝጊያ ያለው ሱቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዐርብ በ21፣ ከጠዋቱ 3፡40
ጉዳዩ፦ ማክሰኞ በ18 ዳቦ ቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞት ስለሞተው ሊጥ አቡኪ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። በዚህ ጉዳይ ተጠርጥራ ከማክሰኞ ጀምሮ የታሰረችው ልጄ ናት። ሙያውን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ለልጁ ያደላል የሚል ካለ ይበል። እኔን ያናደደኝ አባትነቴ ብቻ ሳይሆን ሞተር ማወቄም ጭምር ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። መርማሪው ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ ስላሳሰበኝ ዝቅ ለማድረግ እሞክራለሁ።

ልጄ የዳቦ ቤቱን የሊጥ ማቡኪያ ሞተር ጠምጥማ ያስረከበችው ረቡዕ በ12 ነው። የመሬት ሽቦውን ራሷ አስራ፣ ለክታ፣ አስነስታ አሳይታለች። አምስት ቀን ያለ ችግር ሠርቷል። ሰኞ በ17 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ደውሎ ሞተሩ ገና ሲነሳ ብሬከሩ እንደሚወርድ ነገራት። መለኪያውን ይዤላት አብሬያት ሄድኩ።

ልጄ ኃይሉን አጥፍታ ገመዱን ከሞተሩ ፈታች። ከዚያም ጥምጥሙን በሜገር ለካች። ሜገር ኤሌክትሪክ ከሽቦው ወደ ሞተሩ አካል ያፈስስ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ጥምጥሙ ጤነኛ ነበር። ቀጥላ ገመዱን ስትመረምር፣ ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ የነበረው ጎማ ወልቆ አገኘችው። ማሽኑ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የብረቱ ጠርዝ ገመዱን ሲልጠው ቆይቶ መዳቡ ወጥቶ ይታይ ነበር። ልጄ ገመዱን ከነመሬት ሽቦው መልሳ አስራ ለባለቤቱ «ገመዱ ሳይቀየር እንዳያስነሱት፤ ሰው ይጨርሳል» አለችው። እሱ ግን «ሦስት ሰፈር ዳቦ ይጠብቀኛል፤ አንቺ ስለ ገመድ ታወሪኛለሽ? ያንቺ ጥምጥም ነው የማይረባው» ብሎ ሸኘን። እኔም ጣልቃ ገብቼ ብናገረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በር ላይ ስንደርስ ሟቹ ከረጢት ተሸክሞ ሲገባ አገኘነው።

ይህ ሰው ጠዋት ጠዋት ሲያልፍ የሱቄን መዝጊያ በዱቄት እጁ ደብደብ አድርጎ «ጋሼ፣ ዛሬም አልተቃጠሉም?» ይለኝ ነበር። ሰኞም ይህንኑ ብሎኛል። የእጁ ዱቄት እስከ ዛሬ መዝጊያው ላይ አለ፤ ማንም እንዳይጠርገው ከልክያለሁ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡30 ገደማ ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ሰውየው ከማሽኑ ሥር ወድቆ ነበር። ሞተሩ ግን ይዞራል። ኃይሉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ብሬከሩ አልወረደም ነበር። ሰኞ በተነሳ ቁጥር ይወርድ የነበረ ብሬከር፣ ማክሰኞ ሰው ሞቶም አልወረደም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እዚያው ቆሞ «የሷ ሞተር ገደለው» ሲል ደሜ ፈላ። ሰዎች ባይይዙኝ ኖሮ ዛሬ ቃሌን የምሰጠው በሌላ ጉዳይ ነበር።

መርማሪው ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንዳስረዳ ስለጠየቀኝ አስረድቻለሁ። በሞተር ውስጥ የተጠመጠመው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ይሆናል። ኤሌክትሪኩ በሦስት መስመር ተራ በተራ ስለሚመጣ ማግኔቱ ዙሪያውን ይሽከረከራል፤ መሐል ያለው ብረትም ሳይነካው ተከትሎት ይዞራል። ኤሌክትሪኩ ከሽቦው መውጣት የለበትም። አምልጦ የሞተሩን አካል ሲነካ የመሬት ሽቦው ተቀብሎ ወደ መሬት ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ብሬከሩ ይወርዳል። የመሬት ሽቦው ከተነቀለ ግን ብሬከሩ ዝም ይላል። ሞተሩ ምንም እንዳልሆነ ይዞራል፣ ኤሌክትሪኩም አካሉ ላይ ሆኖ የሚነካውን ይጠብቃል። ማሽኑ የቆመው በጎማ እግር ላይ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ወደ መሬት አይወርድም። የአቡኪው እጅ ርጥብ ነበር፤ ወለሉም እንደዚያው። ብሬከር ወረደ ብሎ የሚያማርር ሁሉ ይህን ይስማ፤ ሲወርድ ሰው እያዳነ ነው!

በዳቦ ቤቱ የጥገና ሠራተኛ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ሰኞ ተረኛ የነበረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እኛ ስንሄድ አልነበረም። ረቡዕ ማታ ቤቴ መጥቶ ተቀመጠ። ባለቤቴ ምግብ ብታቀርብለት አልጎረሰም። «ጋሼ፣ አይዞህ፣ ትፈታለች» አለኝ። ለወንድሙ ልጅ አዝኖ መስሎኝ እኔው መልሼ አጽናናሁት።

ዛሬ በጣቢያው ግቢ ሁለት ፖሊሶች ባሉበት በኤግዚቢትነት የተያዘውን ሞተር በሜገር ለክቻለሁ። ጥምጥሙ ዛሬም ጤነኛ ነው። የመሬት ሽቦው ቡሎን ባዶውን ነው፤ ሽቦው ተቆርጦ ሳይሆን ተፈትቶ፣ ጫፉ በቴፕ ተጠቅልሎ ተገኝቷል። ይህ የባለሙያ እጅ ነው። ከዚህ በኋላ የሽቦ ማሰሪያው ሳጥን ክዳን እንዲመጣ ጠየቅሁ። በሱቄ ደንብ ሞተር የከፈተ ሰው ምን እንደነካ በክዳኑ ውስጥ ገጽ ላይ ቀን ጠቅሶ ሳይጽፍ አይዘጋም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያስተማርኩትም ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ክዳኑ ከከረጢት ወጥቶ ሲገለበጥ ሦስት ጽሑፍ ተገኘ። ሁለቱ የልጄ ናቸው፦ «ተጠምጥሞ ተለክቷል፣ መሬት ታስሯል፣ 12» እና «ገመዱ ተልጦ አካሉን ነክቷል፣ ሳይቀየር እንዳይነሳ፣ 17»። ከሥሩ በሌላ እጅ «መሬቱ ተነቀለ፣ እንዲሠራ ታዘዝኩ፣ ገመዱ ነገ ይቀየራል፣ 17 ከሰዓት» ተብሏል። «ታዘዝኩ» የሚለው ቃል ሳይዘለል እንዲመዘገብልኝ አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ያዘዘው ሰው ዛሬም ዳቦ እየሸጠ ነው።

የሦስተኛው ጽሑፍ ባለቤት ማን እንደሆነ ስጠየቅ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዙሬ ደግሜ አነበብኩት። ሁለተኛ ስጠየቅ ተናገርኩ። የእጅ ጽሑፉ የታናሽ ወንድሜ ነው። የልጄን ማስጠንቀቂያ ከላይ እያነበበ ነው የጻፈው። አባታችን በልጅነቱ ስለሞተበት ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የወንድሙ ልጅ በእሱ ፋንታ ሲሚንቶ ላይ ስታድር ቤቴ መጥቶ አይዞህ አለኝ። ይህን ይቅር አልለውም።

ይህ ቃል ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁትና የማውቀው እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ብጠራም እደግመዋለሁ። ተነቦልኝ አንድ ስፍራ ብቻ አሳርሜያለሁ። መርማሪው አዝኖልኝ «የወንድሜ ይመስለኛል» ብሎ ጽፎት የነበረውን ሰርዞ «የወንድሜ ነው» እንዲል አድርጌያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________