ትንሿን ቦርድ መኪና ውስጥ ትተው የወጡት የአቶ ሠረቀብርሃን ንጉሡ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፤ ይህን የሚያነብላችሁ የሟቹ ታላቅ ወንድም ኃይለመለኮት ንጉሡ ሲሆን፣ ጽሑፉን ያዘጋጀው ግን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ሰሞኑን በለቅሶው ቤት አንዳንዶቻችሁ አቶ ሠረቀብርሃን በሃምሳ ዓመታቸው እንደ ልጅ ሲጫወቱ ሞቱ እያላችሁ ያወራችሁት ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዕድላዊት ጆሮ ደርሷል። እሳቸውም ባለቤታቸው በዚህ ስም እንዳይቀበሩባቸው፣ የሆነው ሁሉ እንደሆነው በአስከሬናቸው ፊት እንዲነገር ስለጠየቁ፣ ቅር የሚለው ሰው ቢኖርም እናነባለን።

አቶ ሠረቀብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ንጉሡ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለማሁ በነሐሴ ወር 1967 ዓ.ም. በዝዋይ ከተማ ተወለዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁን ሲያናውጠው ሌላው ልጅ ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ እሳቸው ጀልባዎቹ እንዴት እንደሚመለሱ ለማየት እዚያው ዳር ይቀሩ እንደነበር እናታቸው እስከ ዛሬ ያወራሉ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ በመመረቅ ጥቂት ዓመታት ካስተማሩ በኋላ፣ ዲቪ ደርሷቸው ወደ አሜሪካ መጡ። እዚህም ማታ እየሠሩ ቀን ተምረው፣ አሌክሳንድሪያ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገልግለዋል።

ከወይዘሮ ዕድላዊት ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ተጋብተው አንዲት ልጅ ሰሊናን ወልደዋል። በሠርጉ ፎቶ ላይ ሙሽራው የለበሱት ሱፍ ትከሻው ወርዶ እጅጌው ጣታቸውን ሸፍኖ የምታዩት፣ ልክ የሆነ ሱፍ አጥተው አይደለም፤ አስለክተው ያሰፉት ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። አጎታችን ከጌይተርስበርግ የገዙላቸውን ይዘው ከተፍ ስላሉ፣ እሳቸውን ላለማስቀየም ብለው ያንኑ ሰፊውን ለብሰው ተዳሩ። ስንስቅበት ኖረናል፤ አሁን ግን ያ ፎቶ አያስቀንም።

ከአሥር ዓመት በፊት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ በሄዱ ጊዜ፣ ሰዎች ካይት በሚባል፣ በገመድ ታስሮ ሰማይ ላይ በሚበር ትልቅ የጨርቅ ክንፍ እየተጎተቱ፣ ቦርድ በሚሉት ሳንቃ ላይ ቆመው በባሕር ሞገድ ላይ ሲንሸራተቱ አይተው ልባቸው እዚያው ቀረ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ምን ነካው ያላቸው ብዙ ነው። እሳቸው ግን አስተማሪ ቀጥረው፣ እየወደቁ እየተነሡ ተምረው፣ ልጃቸውንም አስተምረው፣ ኋላ ላይ ሌላው ሰው ቦርድ ከመግዛቱ በፊት የሚያማክራቸው አዋቂ ሆኑ።

ምን ያውቁ እንደነበር ካልተነገረ የደረሰባቸው ነገር ስለማይገባ፣ ጥቂት ታገሡን። የሚያማክራቸውን ሰው መጀመሪያ ክብደቱን፣ ቀጥሎም የሚሄድበትን ባሕር ሞገድና የነፋሱን ኃይል ይጠይቁ ነበር። ሞገዱ ዝቅ ያለና ለስላሳ ከሆነ አጠር፣ ሰፋ ያለች፣ አፍንጫዋ ክብ የሆነች ቦርድ ትበቃለች፤ ከሰው ቁመት የሚያልፍ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚነሣ ከሆነ ግን ጠበብ ያለች፣ ጅራቷ የቀጠነ፣ ፊቷ ወደ ላይ ቀና ያለ መሆን አለባት ይሉ ነበር። ሰው ትልቅ ቦርድ የበለጠ የሚያስተማምን ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሚጎትተው ካይቱ ስለሆነ ቦርዱ ብዙ እንዲሸከም አይጠበቅበትም፣ እንዲያውም ነፋሱ በበረታ ቁጥር ማነስ ይኖርበታል፤ ትልቅ ቦርድ ከሆነ ነፋስ ከሥሩ ይገባበታል፣ ሞገድ ያነጥረዋል፣ ዙር ሲሉትም እሺ አይልም። በማዕበል ውስጥ እግርን ከቦርድ ጋር ጠፍሮ ማሰርንም አጥብቀው ይቃወሙ ነበር፤ ሰው ሲወድቅ ቦርዱ ለቅቆት መሄድ አለበትና። የራሳቸው ቦርድ ትንሽ፣ ጠባብ፣ ብዙ ቦታ የተጠገነች ነበረች።

ባለፈው ነሐሴ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው እዚህ አገር የሚሰበሰቡበት የኢትዮጵያውያን ማኅበር አባላት ሳይነግሯቸው ሰርፕራይዝ አሰናዱላቸው። ማንም በክፉ አላሰበም፤ ቤተሰቡን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ቦርድ እንግዛላቸው ተባለ፤ ምን ዓይነት እንደሚሻላቸው ግን አልተጠየቁም፣ ሰርፕራይዙ ይበላሻላ። አብራቸው ባሕር የምትገባው ሰሊናም፣ ልጅ ምስጢር አይዝም ተብሎ አልተጠየቀችም። ሱቅ የሄዱት ሰዎች፣ ስማቸውን አንጠራም፣ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ከተደረደረው ሁሉ ትልቁን መረጡ፤ እኛ ለልጅ ጫማ ስንገዛ እንኳ ከቁጥሩ ከፍ አድርገን ነው፣ ለተከበረ ሰው ደግሞ ትንሽ ነገር ይዞ መግባት ያሳፍረናል። ያመጡት ቦርድ በቀላል ነፋስ፣ በተኛ ውኃ ላይ ለመንሸራተት የተሠራ፣ እንደ በር ሰፊና ዝርግ የሆነ፣ እግርን እንደ ቦት ጫማ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ነበር። ሱቁ መልሶ ሊለውጠው እንዳይችልም፣ ስማቸውን ከዳር እስከ ዳር በወርቃማ ቀለም አስጽፈውበታል። አቶ ሠረቀብርሃን አይተው አመሰገኑ፣ ሁሉንም እየዞሩ ሳሙ፣ ቤት ሲገቡም ለባለቤታቸው ይህ ለማዕበል አይሆንም ብለው ጋራዥ አስገቡት።

እዚያው ቢቀር መልካም ነበር። ነገር ግን በየስብሰባው ቦርዱን መቼ ነው የምናየው እየተባሉ ተወጥረው ስለተያዙ፣ በመስከረም ወር ማኅበርተኛው በየመኪናው ተጭኖ፣ ምግቡን ቋጥሮ ወደዚያው ጠረፍ ወረደ። በዚያ ሰሞን ሩቅ ያለፈ ወጀብ ባሕሩን አስነሥቶት ሞገዱ ከሰው በላይ ነበር። ወይዘሮ ዕድላዊት ትንሿን እንዲይዙ ለመኗቸው፣ ሰሊናም በእንግሊዝኛዋ አጥብቃ ተሟገተቻቸው። መልሳቸው ይህ ነበር፦ «ሰዉ ይህን ሁሉ መንገድ ድራይቭ አድርጎ መጥቶ፣ አሮጌዋን ይዤ ብገባ ምን ይለኛል? አንዴ ብቻ ነው፣ ፎቶ እስኪያነሡ።»

ትልቁን ይዘው ገቡ፤ ተጨበጨበ፣ እልል ተባለ። ጥቂት እንደሄዱ አንድ ሞገድ ቦርዱን ከፊቱ አንሥቶ ሲገለብጠው እግራቸው ከተጠፈረበት ሊወጣ አልቻለም፤ አብረው ተገልብጠው፣ የሚቀጥለውም ሞገድ ከነቦርዱ ደፈቃቸው። ከዳር የቆመው ሰው የትርዒቱ ክፍል መስሎት ማጨብጨቡን ቀጠለ። የገባት ሰሊና ብቻ ነበረች፤ ትንሿን ቦርድ ከመኪናው አውጥታ፣ በደረቷ ተኝታባት እየቀዘፈች ደረሰችባቸውና የነፍስ አድን ሠራተኞች እስኪመጡ አንገታቸውን ከውኃው ቀና አድርጋ ይዛ ቆየች። አቶ ሠረቀብርሃን ሆስፒታል ገብተው ሳይነቁ ጥቂት ሰንብተው አረፉ።

እንግዲህ ሲጫወቱ ሞቱ የምትሉ ይህን ስሙ። ባሕሩን ያውቁት ነበር፤ የሚበጃቸውን ቦርድም ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ያልቻሉበት ነገር ቢኖር እኛን ማስቀየም ነው፤ እኛም ይህን ጠባያቸውን እያወቅን፣ ጨዋ እያልን እያሞገስን ስንጭንባቸው ኖርን።

አቶ ሠረቀብርሃን በዝዋይ የሚኖሩ እናታቸውን ወይዘሮ እታለማሁን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዕድላዊትን፣ ልጃቸውን ሰሊናን፣ እህታቸውን ወይዘሮ የሺሀረግንና ይህን የሚያነበውን ወንድማቸውን ትተው ተለይተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጎን ያሳርፍልን፤ ባላቸውን ለተነጠቁት፣ ልጃቸውን ሳይቀብሩ ለቀሩት እናት መጽናናትን ይላክልን።

ማኅበሩ በአባቷ መታሰቢያነት ለሰሊና አንድ ትልቅ ነገር ሊያደርግላት እንዳሰበ ትናንት ተነግሮናል፤ እናመሰግናለን። ልጅቷ ከፊታችሁ ተቀምጣለች፣ አማርኛም ትሰማለች። ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምትፈልግ እሷን ጠይቋት።