የገመቹ አገልግል

በደርግ ጊዜ ነው። ከጉደር ወደ አምቦ በምትሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ።

«አዴ ጫልቱ፣ አገልግል ይዘው ወዴት ነው?»

«እስር ቤት፣ ልጄ። ስንቅ ላደርስ።»

«ለማን? ገመቹን እዚያው ገድለውት፣ በር ዘግተን አብረን አላለቀስንም እንዴ?»

«ለገመቹ አይደለም። ለሊቀ መንበሩ ነው።»

«የቱ ሊቀ መንበር?»

«የቀበሌያችን ነዋ። ልጄን ጠቁሞ ያሳሰረው። አሁን እሱም በተራው ታስሯል።»

«ያ ዋቅ! ልጅዎን ላስገደለ ሰው ምሳ ያመላልሳሉ?»

«ሚስቱ ፈርታ ከአገር ጠፋች። ጠያቂ የለውም።»

«ታዲያ ይራባ! እርስዎን ምን አገባዎት?»

«እኔም እንደዚያ እል ነበር። ግን አባታችን ሆይ ስል፣ የይቅርታዋ ቦታ ላይ አፌ ይያዝብኝ ጀመር። ስንት እሑድ ዘልያት አለፍኩ።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«ማን እንደሚያመጣለት አያውቅም። ለዘበኛው አክስቱ ነኝ ብዬዋለሁ።»

«በስመ አብ! ቆይ፣ ይሄ አገልግል የገመቹ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ሌላ የለኝማ።»

እኔም በልቤ አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፤ የይቅርታዋ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ።