ሁለት ጣት የጠበበው ቀሚስ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» የሚላቸው ልብስ ሰፊ በአርባ ዓመት ሥራቸው ልክ የሳቱት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም አውቀው ነው። ያን ቀን ዝናብ ባይጥል፣ ነርሷ የእህታቸው ልጅም ከሥራ ስትመለስ እግር ጥሏት ሱቃቸው ባትገባ ኖሮ ማንም አይነቃባቸውም ነበር።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ?» ብላ የረጠበ ካፖርቷን ስታሰጣ፣ ዓይኗ የስፌት መኪናው ላይ ካለው ሰማያዊ ቀሚስ ላይ አረፈ። «የማን ነው?»

«የልጄ ነዋ! ለልደቷ።»

ነርሷ ከልጅቷ ጋር አብራ ያደገች ናትና ወገቡን አንስታ አየችው። «ተሳስተዋል እኮ፤ ይሄ አይገባትም።»

«እኔ ልሳሳት? ሆን ብዬ ነው ሁለት ጣት ያጠበብኩት! ሲይዛት ጊዜ ሆዷን ታስብ ይሆናል።»

እስቲ ፍረዱ፤ እንዲህ ያለ ስጦታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ግን ክፉ ሆነው አይደለም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት። አብራቸው ትሰፋለች፤ ምሳም ጨርቅ የሚቆርጡበት ጠረጴዛ ላይ አብረው ይበሉ ነበር። አሁን አራት ወር ሙሉ «ጠግቤያለሁ» እያለች አትቀርብም። ብቻቸውን መብላት አንገሽግሿቸዋል።

«ፊቴ አትቀምስም፤ ጓዳ ገብታ ግን አንድ ከረጢት ዳቦ ባንዴ ትጨርሳለች» አሉ። «የብስኩቱን ወረቀት ከቁርጥራጭ ጨርቁ ሥር ነው ያገኘሁት። የምግቡን ቁም ሣጥን ብቆልፈው ከውጭ ገዝታ ትበላለች። ይሄ ሆዳምነት ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ሆዳም በምግቡ ይደሰታል አጎቴ። እሷ ስትበላ ደስ የሚላት ይመስልዎታል?»

ጋሽ ሜትር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንዴ በጓዳው መጋረጃ አጮልቄ አይቻታለሁ። እያለቀሰች ነበር የምትጎርሰው» አሉ።

«ይኸውልዎት! ይሄ በሽታ ነው፤ ሕክምናም አለው። ሰው ሳይርበው ቶሎ ቶሎ፣ ሆዱ እስኪያመው ይበላል። ልተው ቢል ያቅተዋል። ያፍርና ተደብቆ ይበላል፤ ከበላ በኋላ ደግሞ ራሱን ይጠላል። እንዲህ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ወራት ካስቆጠረ ሐኪም ማየት ነው።»

«በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም። ሰው ቆርጦ ከተነሣ ይተዋል!»

«ነበረ እንጂ፤ ሆዳም እየተባለ ተሸፍኖ ነው። ቀጭኑንም ወፍራሙንም ይይዛል። ለመሆኑ ዓይንዎ ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅትዎ ቆርጠው ተነሡ ወይስ መነጽር አደረጉ?»

ሽማግሌው ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ግን ቶሎ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። «እና ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ዝም ልበላት?»

«መቆለፉ ነው የሚያባብሰው። ጠዋት አፍራ ሳትበላ ትውላለች፤ ከሰዓት ረሃቡ ያሸንፋታል፤ ትበላለች፤ ታፍራለች፤ ነገም ያው ነው። ሕክምናው በሰዓቱ መብላትና ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ካስፈለገ ሐኪሙ መድኃኒት ይጨምራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እሷ የደበቀችው እርስዎን ፈርታ ነው።»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ልባቸውን ወጋችው። ምላጭ አንስተው ስፌቱን ይተረትሩ ጀመር።

ልጅቷ አዝራር ገዝታ ስትመለስ ደረሰችባቸው። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው የምትተረትረው?»

«አውቄ አጥብቤብሽ ነበር ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።» የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት።

ልጅቷ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ነርሷ አቅፋት፣ «ነገ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አለቻት፤ ሄዱም።

በሽታው በአንድ ጀምበር አልለቀቃትም። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ተመልሶባት ነበር፤ ግን አልደበቀችም፣ መጥታ ነገረቻቸው። ጋሽ ሜትርም፣ «አይዞሽ፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ነይ» ብቻ አሏት። ዛሬ ግን ተሽሏታል፤ ሳቋ ከመኪናው ድምፅ በላይ ይሰማል።

በቀደም አንዲት እናት ጨርቅ ይዘው መጥተው፣ «ለልጄ ጠበብ ያድርጉት፤ እያየችው ትቀንስ» ቢሏቸው፣ ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጡ።

«ልብስ በሰው ልክ ይሰፋል እንጂ ሰው በልብስ ልክ አይሰፋም፤ በእኔ ደርሷል። ይልቅ ይንገሩኝ፤ ልጅዎ አብራዎት ምሳ ትበላለች?»

ይህን እንዳሉ ከመጋረጃው ጀርባ የልጃቸው ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል! እየጠበቅኩህ ነው!»